በጠፍና በጤፍ መሀል

ከፒያሳ በላይ፣ ከቢጫው ሕንጻችን ሦስተኛው ደርብ ላይ፣
ካርታ ተዘርግቷል፣ ጫፉ እንዳይጠቀለል ተጭኖበት ድንጋይ።
ከአይከል ቁልቁል፣ እስከ ገንዳ ውኃ፣
ሰው ያልተሣለበት፣ ቁጥር ብቻ ያለው፣ የወረቀት በረሃ።
እኔ ቀለም ቀቢ፣ አረንጓዴ እርሳሴን ሦስቴ ቀርጬበት፣
«ጉሎ» እል ነበረ፣ ባዶ ነው በተባልሁ በያንዳንዱ ቤት።

በአንደኛው ምዕራፍ ዘር፣ በሁለተኛው ላይ መጭመቂያ ተተክሎ፣
በሦስተኛው ምዕራፍ የአዘዞን ባጃጅ ሊያስኬድ ነበር ጉሎ።
ሰብሳቢው አቶ ሻረው፣ እጁን እያፋተገ፣ «ይህ ዕፅ» አለ «ድንቅ ነው፤
ዝናብ አይለምንም፤ ፍየል አይቀምሰውም፤ ጭንጫ ነው አልጋው።»

ይህን ሳይጨርስ መብራት ሄደ።
ጄኔሬተሩም ጥቂት አጓራና፣ ናፍጣ አጥቶ በረደ።
ስለ ነዳጅ ተስፋ የመከርን ሰዎች፣
ቀሪውን ገጽ አነበብን ከመስኮት ተጠግተን፣ እንደ ቆሎ ተማሪዎች።
ከመስኮቱ በታች፣ ወደ ቀሃ መውረጃ፣ ከቆሻሻው ክምር፣
ያላቀድነው ጉሎ ራሱን ተክሎ ቆሟል እንደ ምስክር።

በማግስቱ ለጉዞ፣ አዘዞ ማደያ፣ ከሌሊቱ ዐሥር፣
ስድስት ሰዓት ሙሉ ተሰልፈን ቆየን ከአይሱዙ ጭራ ሥር።
ሾፌራችን ማማይ፣ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጦ ሲሥቅ፣
«ጉሎው እስኪያፈራ እዚሁ እንጠብቅ?»

ከአይከል ወዲያ፣ አቧራው ሲሰክን፣ ካርታውን ዘረጋሁ በመኪናው ግንባር፤
ጫኔ የሚባል ሰው፣ ማረሻ እንደያዘ፣ መጣና ቆመ ዳር።
ፊደልን በጣቱ እየዳሰሰ ነው ጫኔ ሲያነብ የሚለይ፤
ከማሳው ላይ ስትደርስ ጣቱ ቆመችና፣ ቀና ብሎ እኔን ሲያይ፣
«ጤፍ መሬት» አለና፣ «አወቃችሁትሳ! እግዜር ይስጣችሁ፤
እኔስ የመሰለኝ፣ ባዶ ነው ብላችሁ ነበር አመጣጣችሁ።»

ካርታው ግን «ጠፍ» ነው የሚል፣ በማኅተም የታሰረ፤
ውባለም ተይባው፣ አቶ ሻረው ፈርሞ፣ ዞኑ ያጸደቀው ነበረ።

በጠፍና በጤፍ መሀል ልዩነቱ፣
አንዲት ቀለበት ናት፣ ከቀኝ እግሩ ግርጌ፣ ኃምስ ላይ መምጣቱ።
ቀለበቷ ከሌለች በሬም ሰውም የለም፣ አውድማም አይታይ፤
ለካ ቀለብ ኖሯል የጫኔ ልጆች፣ በቀለበቷ ላይ።

አላረምሁትም። እርማት ለሳተ ነው፤
ከጫኔ ጣትና ከዞኑ ማኅተም፣ የሳተ የትኛው?

ሚስቱ ውዳላት፣ ፍየሎቿን ነድታ፣ ከቁጥቋጦው ወጥታ፣
ስለ ጉሎው ነገር ጠየቀችን፣ ላቧን በክንዷ ጠርጋ፣ ቆይታ።
«ፍየል አይቀምሰውም» አልኋት፣ የአቶ ሻረውን ቃል ደግሜ በኩራት።
«ፍየል ያልቀመሰው፣ ለኛስ ምን ሊሆነን? ሊሆነን ነው ራት?»
ከዚያ አሰብ አድርጋ፣ «ከአጥሩ ዙሪያ ከሆነ፣ ለቡቃያው ከለላ፣
እኔም እተክላለሁ። መሀሉን ግን ተዉት፤ የመሀሉ ሌላ።»

ጎንደር ስመለስ፣ ላጲስ ገዝቼ ከሳሙና በር ሱቅ፣
የቀባሁትን ሁሉ፣ ቤት በቤት እየሄድሁ፣ ሌሊቱን ስፍቅ፣
ወረቀቱ ሳሳ። ዳር ዳሩን ብቻ፣ በቀጭን አረንጓዴ፣
ቀለበት አዞርሁኝ፤ የውዳላትን አጥር አድርጌው ዘዴ።

አቶ ሻረው አይቶ «ሄክታሩስ?» አለኝ፤ «አነሰ» አልሁት።
«ባሕር ዳር ምን እንበል?»
«አነሰ እንበላቸው።»
መነጽሩን ሲያወልቅ አየሁት።
ሌላ አልተናገረም።

መብራት የዚያን ምሽት እንደገና ጠፋ።
ደረጃውን ወረድሁ፣ ግድግዳውን በጣቴ እያነበብሁ እንደ ጫኔ፤
ውዳላት የሰጠችኝ፣ መዥገር የምትመስል፣ አንዲት የጉሎ ፍሬ ኪሴ ውስጥ አለች ከእኔ።
ስንት ጠብታ ይወጣታል? እሱን ሠንጠረዡ ያውቃል፤
እኔ የማውቀው ዳር ዳሩን ነው፤
ለጊዜው ይበቃል።