እግር የሌለው እንቁላል

ድንጋዩ የመጣው በካልሲ ተጠቅልሎ፣
መምህር ኦብሳ ከባሕር ማዶ በሻንጣው ይዞት፣
"አደራ ዲንቄ፣ እንዳይሰበር" ብሎ።

ዕድሜዬን ያለቀው በአዳማ ድንጋይ ነው፤
እሳተ ገሞራ የተፋውን፣
ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን፣ መዳፍ የሚልጠውን
ስፈጭ፣ ስቆርጥ ኖርኩ።
የኛን አገር አለት እሳት ነው የወለደው፤
ይሄን ግን መጋዙ ገና ሲነካው
እርጥብ ኖራ ሸተተኝ።
ባሕርም እንዲህ ይሸት ይሆናል አልኩ፣ ባላውቀው።

ውጭ የበጋው ነፋስ አቧራውን ያስነሳል፣
የጅቡቲ መኪና ጥሩንባውን ይነፋል፤
እኔ መስታወት ላይ፣ ዱቄትና ውሃ፣ ዙር በዙር፣
እፈጫለሁ፣
ብርሃን እስኪያልፈው፣ ከፀጉር እስኪሳሳ፣
የያዘው ጣቴ መያዙን እስኪረሳ።

ከዚያ አጉሊው ላይ ዓይኔን ጣልኩ።

ክብ። ሌላ ክብ። ክብ በክብ ውስጥ፣
ለሁለት እንደተከፈለ ሽንኩርት፤
እምብርቱ ላይ የዛጎል ስባሪ፣
ከጤፍ ያነሰች ቅንጣት።

መምህሩ ወንበር ስቦ ነገረኝ፤
ከአምስት መቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት፣
የብሱ ሣር ሳያበቅል፣ ወፍ ሳይኖር፣
ጉልበት የማይሞላ ሞቃት ባሕር ነበር።
ስባሪዋን ማዕበሉ ሲያንከባልላት
ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን
በዝልግልግ ምንጣፋቸው ያዟት፤
እነሱ ብርሃን ሲመገቡ
ኖራው ከውሃው ተለይቶ አለበሳት።
አንድ ስስ ልብስ፣ በላዩ ሌላ ስስ ልብስ፣
ደግሞ ሌላ።
ተኝታ ብትቀር በአንድ ጎኗ ብቻ ወፍራ ነበር፤
እየተገላበጠች
ዙሪያዋን ለበሰች።

"የእንቁላል ድንጋይ ነው" አለኝ።
ሳቄ መጣ።
ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል
እየተባልኩ ነው ያደግሁት፤
ይሄኛው እግር ሳያወጣ
በሰው፣ ማለቴ በማዕበል እግር ሄደ፤
ከብዶት ማዕበሉ ሲተወው
ከወንድሞቹ ጎን ተኛ፣
አለት ሆኖ ቀረ።

ስስቅ አፌን በመዳፌ ከለልኩ።
ልማዴ ነው።
የዚህ አገር የጉድጓድ ውሃ በልጅነቴ
ጥርሴ ውስጥ ቡናማ መስመር ጽፎብኛል፤
በመፋቂያ ታገልኩት፣ በሎሚ ታገልኩት፣
ዛሬም እዚያው ነው።
እንደገና አጎንብሼ አየሁ፤
የእንቁላሉም ቀለበቶች ቡናማ ናቸው፣
ልክ እንደኔ፣ ውሃ የጻፋቸው።

"ምን አሳቀሽ?"
"እንጃ" አልኩት፤
እጄን ግን አወረድኩ።

አንድ ዙር ብጨምር ኖሮ አልቆ ነበር።
ያን ሁሉ ዘመን የተደረበ ልብስ
የእኔ እጅ በአንድ ዙር ያወልቀው ነበር።

ማታ መታጠቢያውን ሳጥብ
የተፈጨው ግማሽ ድንጋይ
አጓት መስሎ በቧንቧው ወረደ፤
በአዳማ ስር፣ በጨለማ፣ ውሃ ይዞት ሄደ።
የት ደርሶ፣ በምን ላይ እንደሚደረብ
እንጃ።