ልክ

የገመዱን አንድ ጫፍ የያዝኩላት እኔ ነኝ፤
ሃያ ዓመት ያልሞላኝ፣ ኳስ እንቅልፍ የሚነሳኝ።
አዮዋ ነው አገሩ፤ በቆሎው ታጭዶ አልቆ
ማሳው ዝም ብሏል በረዶ አጥልቆ።

ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ነው የእኛ ተራ፣
አሮጌው አዳራሽ፣ ጣሪያው የሚያነባበት ስፍራ፤
ቁጥራችን ፕላስተር ነው፣ ጀርባ ላይ የተለጠፈ፣
ላብ ሲያርሰው ከ«ሰባት» ወደ «አንድ» የረገፈ።
ማሊያው የሦስት ቡድን፦ መስከረም ለመረብ ኳስ፣
ታኅሣሥ ለቅርጫት፣ ለሩጫ ደግሞ ሚያዝያ ሲደርስ።

ዶክተር አሊዳ ቬልድካምፕ፣ የታሪክ መምህሯ፣
ኳስ ይዛ አታውቅም፤ ሜትር ነው መሣሪያዋ፤
የአናጢ አባቷ ውርስ፣ ሠላሳ ዓመት ያደረ፣
ጫፉን አይጥ በልታው ከሦስት የጀመረ።
«ሮዜላ፣ ጠበቅ አርጊ፣ ጫፉን እንዳትረሺ፤
ስትጽፊ ሦስቱን ቀንሺ፤ በኢንች እንኳ አትዋሺ።»

ሻወር ቆጠርን፦ የእኛ ሁለት፣ የእነሱ አስራ ስድስት፤
አምፖል ቆጠርን፣ ለካን የመቀመጫውን ስፋት።
ለእነሱ አውቶቡስ፣ ሥጋ፣ አልጋ በሆቴል፤
ለእኛ የአሰልጣኟ መኪና፤ ቤንዚኑን ኬክ ሸጠን ስንችል።
ይህን ሁሉ ጻፈች በእርሳስ፣ ያለ ቁጣ፣ ያለ ቅጽል።

ሚስተር ሆልኮም፣ የስፖርቱ ሹም፣ ወረቀቱን ገልጦ አይቶ፣
ከመነጽሩ በላይ አያት፣ በፈገግታ ቆይቶ፦
«ዶክተር፣ ሰው ልኩን ቢያውቅ» አላት፣ «መልካም ነው።»
«አውቄዋለሁ፤ ዛሬ ጧት ለካሁት፤ ከእናንተ ሲሶው ነው።»

ሕጉ ወጥቶ ነበር፣ ሠላሳ ሰባት ቃል፤
ቃል ብቻውን ግን ጣሪያ መቼ ይደፍናል?
ሃያ ስምንት ዓመት ስትጽፍ፣ ፍርድ ቤት ስትመሰክር፣
ሹመቷ ሁለት ጊዜ ቀረ፤ «አትመችም» ተባለ በምስጢር።
ከአዮዋ እስከ ኦሪጎን፣ ሻንጣዋ ውስጥ ያ ገመድ፣
ሴት ልጅ ወደምትጫወትበት ሁሉ በባቡር ስትነጉድ።

አንድ ነገር ግን አለ፤
በሽልማቷ ቀን ማንም ያላነሳው፣ እኔ ግን ያልረሳሁት።

ኮሌጁ ገንዘብ ሊቆጥብ የትግሉን ቡድን ዘጋ፤
«የቬልድካምፕ ሥራ ነው» ብሎ ጣቱን ወደሷ ዘረጋ።
ዳሪል የሚባል ታጋይ፣ ጆሮው በምት የተኮማተረ፣
ሊሰድባት መጥቶ በሯ ላይ እንባ አንቆት ቀረ።
«እኔ ያንን አልጠየቅኩም» አላለችውም፣ እውነት ቢሆንም ቅሉ፤
በመጨረሻ ግጥሚያው ዕለት ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ብቻዋን፣ ተገልላ ከሁሉ።
ከዚያ ቤቷ ገብታ የፉትቦሉን ሆቴል ሒሳብ ደመረች፤
ስንት የትግል ቡድን እንደሚያኖር በእርሳስ ጻፈች።

ጡረታ የወጣች ማታ አዲሱ አዳራሽ በራ፤
ስምንት ሺህ ወንበር ለሴቶች፤ ስሟም ከነሐስ ተሠራ።
ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ እኔም፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ።
እሷ ግን ጆሮዬ ሥር፦ «አሰልጣኞቹን ቆጥረሻል?
ያኔ ጣሪያው ሲያፈስ ሁሉም ሴቶች ነበሩ፤
ደመወዙ ሲያድግ ከአስር ስድስቱ ወንዶች ሆነው ቀሩ።»
ከአራቱ አንዷ እኔ ነኝ። ምን እላለሁ?

ገመዱን ለእኔ ተወችው። ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከፊሽካው ጋር።
አምና አንዲት ተጫዋቼ ዝላይዋን ልትለካ አውጥታው፦
«ኮች፣ ይሄ ተሳስቷል፤ ከሦስት ነው የሚጀምር!»

«አውቃለሁ፣» አልኳት፣
«እርሳስ ፈልጊ»፤
ጫፉን ያዝኩላት።