ሃያ ሰከንድ

ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ነበርኩ፤ ጉልበቴ ላይ ወረቀት፣
ለግልጽነት፣ ለድምፅ፣ ለጊዜ፣ ከአስር የሚሞላበት።
ከጠዋት ጀምሮ አስራ አንድ ተማሪ ነጎደ፤
አንዱ ሲጣደፍ፣ አንዱ ሲንተባተብ፣ ውጭ በረዶ ወረደ።

ዩቫስኪላ ነን። እዚህ ዝምታ ጨዋነት ነው፤
አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ እንኳ ሰውን ከሰው
ሁለት ሜትር ባዶ በረዶ ይለየዋል።
ለመናገር ሽልማት መስጠት፣ እዚህ፣ ቀልድ ይመስላል።

ቱሊ ካርፓነን ወጣች፤ ሹራቧ ክርኑ ላይ የተጣፈ፤
ማይኩን ዝቅ አደረገች፤ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ አለፈ።

«ሦስት ዓመት» አለች፣ «ከምድር በታች ሺህ አራት መቶ ሜትር፣
ጨለማ ቁስ ያልነው እንግዳ ድንገት በራችንን ቢቆረቁር፣
ጋኑን በፈሳሽ ዜኖን ሞልተን፣ መብራት አጥፍተን ጠበቅን፤
አንዲት ብልጭታ ብቻ ለመንን።
ያገኘነው ይኸው።» ቁልፉን ነካች።
መጋረጃው ነጭ ሆነ። ነጭ። እሷም ቆመች።

ኦስሞ፣ የማሽኑ ሰው፣ ገመድ የተነቀለ መስሎት ሲሮጥ
«ተወው» አለችው፣ «አልተበላሸም። ውጤቱ ነው። ተቀመጥ።»

ከዚያ ዝም አለች።

የማሞቂያው ቧንቧ ሲያጉረመርም ሰማሁ፤
የአንድ ሰው ሆድ ጮኸ፤ ብዕር ወደቀ፤ ሰከንድ ቆጠርኩ፣ ሃያ ደረስሁ።
ሃያ ሰከንድ ሙሉ እኛም አብረናት ወረድን፣
ከጉድጓዱ ሥር፣ በጨለማው፣ በር ላይ ጆሮ ጣልን።

«ቤት ባዶ ነው የሚባለው» አለች፣ «ጥጋጥጉ ከተበረበረ ነው።
እኛ አንድ ጥግ በርብረናል። የሚመጣው ሰው እዚያ አይድከም፤ ሥራዬ ይኸው ነው።»

ደወል።

እኔ በሷ ዕድሜ «አንዲት ነጥብ አገኘሁ» ብዬ ነበር፤
አዳራሽ ሙሉ ሰው ያጨበጨበላት፣ ኋላ የላላ ሽቦ ሆና የተገኘች፣ ዝም ያልኩት ነገር።
ዋንጫው አልተመለሰም። ጠረጴዛዬ ላይ ብዕር ይይዛል።
ነጥብ የምሰጥበትም ከዚያው ተመዝዞ ነው፤ ዛሬ ከብዶኛል።

ዶክተር ሃልስቴን ለጊዜ ሁለት ሰጠች፣ «ሃያ ሰከንድ ባከነ» ብላ።
እኔ ያንኑ ሃያ ሰከንድ አስቤ
ድምፅ ከሚለው ጎን አስር ጻፍኩ፣ አድምቄ፣ ከሌላው ሁሉ እንዲጎላ።

ሰርተፊኬት፣ ሁለት መቶ ዩሮ፣ የአበባ እቅፍ።
ኋላ ካፖርት መስቀያው ጋ አየኋት፣ ከአባቷ ጋር ስታልፍ፤
ያን ጉድጓድ ለመዳብ ሃያ ስድስት ዓመት የቆፈረ፣
ድማሚት ጆሮውን ያደነቆረ፣
ከንግግሯ አንድም ቃል ያልሰማ።
«ምን አገኛችሁ?» አላት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አዳራሹ እስኪሰማ።

«ምንም።»
«ስንት ሜትር ላይ?»
በጣቷ አሳየችው። አንድ፣ ቀጥሎ አራት።
«እዚያ ጋ እኛም አላገኘንም» አለ፤
አበባውን ተቀብሎ ጓንቷን ሰጣት።