የተሰበረው ምንድን ነው?

አራት ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ከዚራ ገና በጧት ግላ፣
ከኒሙ ሥር ተሰብስቧል የቀረን አንድ ፍሬ ጥላ።

ጠመኔ አንሥቼ "ብሬክ" ብዬ ጻፍኩ ሰሌዳው ላይ፤
"መስበር ማለት ነው" አልኳቸው፣ "እረፍትም ነው ዞሮ ሲታይ።
ዱሮ የእንግሊዝ አያቶች፣ ሰዓት ሳይኖር፣ ደወል ሳይኖር፣
ቃሉን የሚያውቁት ለእንጨት ነበር፣ ለአጥንት፣ ለጦር።
ኋላ ሥራን ከመሃሉ ቀንጠስ አድርጎ መተውን
በዚያው ቃል ጠሩት፤ ትንፋሽ የሚገባበትን ስንጥቁን።"

ሂንዲያ እጇን አወጣች፣ ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል፤
ጥያቄዋ ሁልጊዜ የኔን ዝግጅት ያጎድል።
"ቲቸር፣ እረፍት መስበር ከሆነ
የተሰበረው ምንድን ነው?"

"ሰዓቱ" ልላት ነበር። "ሥራው" ልላት ነበር።
የሰው ቃል ነው፤ ባውቀውም የማውቀው ከዳር ከዳር።
የኛውን አሰብኩ፦ እረፍት።
ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ታርፋለች፣ አውሮፕላን አስፋልት ላይ፤
ተጠርጣሪ ማረፊያ ቤት ያድራል፣ ሳያይ ፀሐይ።
የሚረብሽ "እረፍ!" ይባላል፤ የሞተም "አረፈ" ይባላል፤
ንግግር እንኳ ዓረፍተ ነገር ሆኖ አራት ነጥብ ላይ ቁጭ ይላል።
በኛ ቃል ውስጥ ምንም አይሰበር፤ ሁሉ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል።

ያኔ ደወሉ ጮኸ። ደወል ስል፣ የሐዲድ ቁራጭ ነው፣
ሮብሌ በብሎን የሚመታው፣ በሽቦ ያንጠለጠለው።
ሠላሳ ዓመት በሽመንደፈር ፍሬን ሲይዝ የኖረ ሰው፣
ዛሬ ልጆች ነው የሚያቆመው፣ ልጆች ነው የሚለቀው።
እሱ ፍሬን የሚለውንም እንግሊዝ ብሬክ ይለዋል፤
በነሱ ፊደል ሁለት ነው፣ በኛ ሲጻፍ አንድ ይሆናል።

ሂንዲያ ሮጣ ጠየቀችው። እኔም ከጀርባ፣ ጆሮዬን ጥዬ።
ሮብሌ ዳቦ አወጣ ከኮት ኪሱ።
"እንዳለ ጉረሺው እስቲ።"
ሳቀች። "እንዴት ብዬ!"
ቆረሰው። ግማሹ ለሷ፣ ግማሹ ለራሱ።
"ቀኑ ነው የተሰበረው። ሙሉ ቀን አይጎረስም፣ ልጄ።"

ቆሜ ቀረሁ፣ ጠመኔውን እንደጨበጠ እጄ።
ቁርስ፣ ቁርስ ስንል ስንት ዘመን፣ በየጧቱ፣
ቆረሰ ውስጡ እንዳለ ሳልሰማው ማርጀቴ፣ መምህሩ፣ አዋቂ ባዩ፣ እኔ በከንቱ!
ለካ እንግሊዝም ጧት ጧት ጾሙን ይሰብራል፣
እኛ ዳቦውን።

አሥራ አምስት ደቂቃው አለቀ። አሥራ ስምንት ሆነ።
ርዕሰ መምህሩ ከበረንዳው ክንዱን አንሥቶ ሰዓቱን እየጠቆመ፣
ሮብሌ ብሎኑን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣
ፍርፋሪ ከኮቱ እያራገፈ፣ ለድንቢጦቹ።
"ባቡር" አለኝ፣ ቀና ሳይል፣
"ፍሬን ከያዝክለት በኋላም ትንሽ ይሄዳል።"