ከምሰሶው ጥግ

ቡሬ አዳራሽ ውስጥ፣ ሐምሌ ተጋምሶ፣
ቆርቆሮው ይጮኻል፣ ዝናቡም ብሶ፤
ወንበሬ ከጥግ ነው፣ ታክኮ ምሰሶ።

እንጉዳይ መድረክ ላይ፤ ቀን የውሃ ሒሳብ ሰብሳቢ፣
ማታ የጠፋ ልጇን ደብዳቤ አንባቢ።

ድምጿን ዝናብ ዋጠው።
ያኔ፣ ማንም ሳያዘው፣ አግዳሚው ሲጢጥ እያለ
ሕዝቡ ወደፊት ዘነበለ።
እህል ነጋዴው ምንይችል ሽምብራ ሊቅም ወደ አፉ
እጁ መንገድ ቀረ፣ ፍሬው ራሰ በመዳፉ፤
አንዱ ሳሉን በጋቢው፣ ሌላው ስልኩን በጉያው አፍኖ፣
ዝምታን እንደ ዕቁብ ጣልን፤
ዕጣው ለእንጉዳይ ወጣ።

እኔ ግን ከጥጌ አየሁት ወረቀቱን፦
ባዶ ነው። አንድ ፊደል አልነካውም ፊቱን።
አጠገቤ ያለች የሰባት ዓመት ልጅም አይታለች፤
ቀና ብላ አየችኝና
ጣቷን ከንፈሯ ላይ አኖረች።

እንጉዳይ አነበበች፣ መስመር ሳትዘል፣ እስከ ፊርማው።
ከፊት ረድፍ አንዲት ሴት ተንሰቀሰቀች፤
ልጅቷ እጄን ያዘች፤
የማን ልጅ እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስንወጣ፣ ደጁ ላይ ጎርፉን ስንሻገር፣
ምንይችል የረጠበ ሽምብራውን አካፈለኝና
«የልጁ እጅ ጽሑፍ ግን እንዴት ያምራል!» አለኝ።

«ይነበባል» አልኩት።