ወራሽ መስኮት

ሐዋሳ ናት ሱቄ፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣
በሁለት ፎቶ ኮፒ መሐል ተወሽቃ፤
ቆርቆሮዋ ላይ አባ ኮዳ ይቆማል፣
ካባ እንደ ለበሰ፣ ደንበኛ እንዳጣ ጠበቃ።

ቀን አቤቱታ እጽፋለሁ፣ ገጹን በሠላሳ ብር፤
ማታ በሬን ዘግቼ፣ ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር፣
የመስኮቶች ዳኛ እሠራለሁ፤
ኪቦርዱ አንድ ነው፣ መስኮቱ ብዙ፣
ዳኛ ካጡ ፊደላቱ ሰው ቤት ይገባሉ፣ ነገር ሊያበዙ።

ሕጌ አጭር ነበር። ሰባት መስኮት ቢደረደር
የምትሰማው አንዷ ናት፤
ጠርዟን ቀይ ቀብቼ ከሌሎቹ ለየኋት።
ስድስቱ ያያሉ እንጂ አይሰሙም፣
ፊደል ከደጃቸው አይደርስም።

ማክሰኞ ወይዘሮ አማረች ሌዳሞ መጡ፤
የቀበሌ ወረቀት በፌስታል ይዘው
ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጡ።
«ወራሽነት ነው» አሉ። ጀመርኩ፦
«ሟች ባለቤቴ...»

እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣
ዐይኔ ከጣቴ ላይ፦
አሞራ ገደል ዓሣ ሲያወጣ እንደኖረ፣
የመጨረሻ ልጁ የተወለደች ዕለት
ጀልባዋን ሰማያዊ እንደቀባት፣
ቀለሙ ሳይደርቅ ውኃ እንዳስገባት፣
ጥፍሩ ሥር የቀረው
አብሮት እንደተቀበረ።

ቀና ስል፣
«የፕሪንተር ቀለም አልቋል» የምትል ትንሽ መስኮት
ሳትጠራ ብቅ ብላ፣ ተራውን ነጥቃ፣
በገዛ ጣቴ ተዘግታ ሞታለች፤
ተራውን ለማንም ሳታወርስ።
ወረቀቱ «ሟች ባለቤቴ» ላይ እንደቆመ ነው።
አንድ ገጽ ሙሉ ፊደል የትም ሳይደርስ።

«ይደግሙልኝ?» አልኩ። ዝም አሉ። ቀጥለው፣
«ታዲያ እስካሁን ለማን ነበር የምናገረው?»

ሁለተኛው አጠረ።
ጀልባ አንድ፣ መረብ ሁለት፣ ልጆች አምስት።
ሰማያዊው ቀረ።

ሌሊት ኮዱን ከፈትኩ። መስኮት ሲሞት
ተራውን ማን ይውረስ?
ጠቋሚው ያረፈበት? እንግዲያ
ጠረጴዛ የነቀነቀ ሁሉ ባለርስት ሊባል!
በኩሩ? መጀመሪያ የተከፈተው?
እሱማ ከጠዋት ጀምሮ ከሥር ተኝቷል።
ማንም አይውረስ ብል፣ የማክሰኞው ይደገማል፤
ሰው ይናገራል፣
ቃሉ ባዶ ላይ ይፈሳል።

እንዲህ ጻፍኩ፦ ሟቿ ከመምጣቷ በፊት
መጨረሻ ሲያዳምጥ የነበረ ይውረስ፤
ሳይጠራ የመጣ ደጅ ቆሞ ያንኳኳ፣
የተጀመረው ቃል እስኪጨረስ።

ሞከርኩት። «ቀለም አልቋል» መጣች፤
ጥግ ይዛ ብልጭ ድርግም አለች።
ጣቴ አልቆመም።
ፊደሌም ከቤቱ አልወጣም።

ከመተኛቴ በፊት አንድ መስመር ቀየርኩ፦
ቀዩን ጠርዝ አጠፋሁ፤
ሰማያዊ ቀባሁ።