የወገብ መዝገብ

ሐኪም አይደለሁም፤ መርፌዬ የጨርቅ ነው፤
ግን የደሴን ወንድ ወገብ ከሚስቱ ይልቅ የማውቀው
እኔ ነኝ፣ በዚህ ሜትር፣ ላብ ባደበዘዘው፣
ቁጥሩን በጥፍሬ እየዳሰስኩ በማነበው።

ከሰኞ ገበያ አፋፍ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን
አንድ ጠባብ በረንዳ ሠላሳ ዓመት አቀፈን፣
እኔንና ሲንጀሬን፤
እሷ ክር ስትቀለብ፣ እኔ ሰው ስመጥን።

መዝገቤን ግለጡት። ዳር ዳሩን ዘይት ጠጥቶታል።
በሰማንያ ስድስት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ እንዲህ ተጽፎበታል፦
«አሊጋዝ ይመር፣ መምህር። ሱሪ። ወገብ ሰባ አራት።»
ያኔ ጦሳን በእግሩ፣ ተማሪ አስከትሎ፣ ጠዋት ጠዋት፣
ቅጠል ሊያስለቅማቸው ይወጣ ነበር ዳገት፤
ልለካው ስል አይቆምልኝ፣ ጫማው ውስጥ ፍም እንዳለበት።

ዘጠና አምስት ላይ ሰማንያ ዘጠኝ ደረሰ፤
ጠመኔውን ትቶ፣ ቀለምና ምስማር ሊቸረችር ወንበር ላይ ነገሠ።
«ተመቸህ» አልኩት፣ «አማረብህ፣ ፊትህ ታደሰ»፤
መቼስ የእኛ ምርቃት ሆድ ሳይዳብስ መቼ ፈሰሰ።

ሁለት ሺህ ስድስት፦ መቶ አምስት። በዚያ ዓመት መኪና ገዛ፤
ቁርሱ ጥብስ፣ ምሳው ጥብስ፣ ከለስላሳው ጋር ግንባሩ ወዛ፤
ሱሪውን ሁለት ጊዜ ለቀቅኩለት፤ ተሳሳቅንበት በዋዛ።

መቶ አሥራ ስምንት።
ደረጃዬ ሦስት ብቻ ናት፤ ሁለተኛዋ ላይ ቆሞ ለትንፋሹ ጠበቀ፣
ግድግዳውን እየተደገፈ፣ ሰው እንዳያየው እየተሳቀቀ።

ከዚያ፣ ሳይታሰብ፣ መዝገቡ ወደ ኋላ ዞረ፤
መቶ። ዘጠና አንድ። ሱሪው እየሾለከ በሲባጎ ታሰረ፤
ሲወፍር የመረቀው ሰፈር ሲከሳ አንገቱን ሰበረ።
«ስኳር ነው» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ሰባት ዓመት ሳላውቀው አብሮኝ የኖረ፤
ደባል ነው፣ ኪራይ ሳይከፍል ውስጥ ውስጤን የቆፈረ።»
ግራ ጫማውን አወለቀ። ሁለት ጣቱ ቦሩ ሜዳ ሐኪም ቤት ቀረ።
«ለዚህ እግሬ፣ ስፌቱ የማይቆረቁር፣ የጨርቅ ጫማ ስፋልኝ» አለ።
ስንት ሙሽራ ያለበስኩ ሰውዬ፣ መቀሱ እጄ ላይ ዛለ፤
ሜትሩን በእግሩ ዙሪያ ሳዞር፣ ያ የጫማው ፍም የት አለ?

እኔስ? ልጄ ጦይባ ለእግሬ አዘነችና
ከኮምቦልቻ ሞተር አመጣችልኝ፣ «አባ፣ ዕረፍት ይገባሃልና»።
ፔዳሉ ዝም አለ። ቀን ሙሉ ሲረግጥ የኖረ ጉልበቴ ተኛና
ሆዴ ነቃ።
ማታ፣ በሩን ዘግቼ፣ ሜትሩን በራሴ ላይ አዞርኩት፤
ቁጥሩን አየሁት እንጂ መዝገቡ ላይ አልጻፍኩት።

ትናንት ደግሞ ሰዓዳ፣ የሆጤዋ፣ ልጇን ይዛ መጣች፣
የደንብ ልብስ ልታሰፋለት። «ማሻ አላህ በለው እንጂ!» ብላ ሳቀች።
ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንድ እጁ ችፕስ፣ አንድ እጁ ስልክ ይዟል።
«ከዚያ ከኅዳሩ ወዲህ ደጅ አላስወጣውም» ትላለች፣ «ልቤ ፈርቷል፤
ሜዳውስ የት አለ? ኳስ ይነጥርበት የነበረው ላይ ፎቅ በቅሏል፤
ትምህርት ቤትም በባጃጅ ነው። የልጅ እግር ለማን አደራ ይሰጣል?»
እኔም አልፈረድኩባት፤ ጎመን ተወዶ ብስኩት ረክሷል።

ሜትሩን አዞርኩበት፤ ልጁ ኮርኩሮት ፈገግ አለ።
ጥፍሬ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ፣ አንድ የማውቀው ሰው እዚያ አለ፦
ሰባ አራት።
የመምህሩ ወገብ፣ የዚያ የጦሳ ጠዋት።

ማሻ አላህ አላልኩም። «አብሽሪ» ብቻ አልኳት።

ከዚያ ሞተሩን ነቀልኩ፤ የቆዳውን ጠፍር ከሳጥን አወጣሁ፤
«ና፣ ሱሪህን አብረን እንስፋ» ብዬ ልጁን ጠራሁ።
ትንሽ እግሩን ከአሮጌ እግሬ ጎን ፔዳሉ ላይ አሰለፈ፤
ሲንጀሯ ሳለች፣ ጉልበቴ ጮኸ፣ አንድ ክንድ ጨርቅ አለፈ።
እሱም አለከለከ፣ እኔም።
ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ አንዱን የሱሪ እግር ጨርሰን ነበር፤
«ሌላኛው እግር ለነገ ነው» አልኩት፤ «ከእናትህ ጋር፣ በእግር።»